አማካዩን ያላነቃነቀው ስድስት ሺህ ብር

ለተከበሩ የጸዳለ ሐይቅ ኮሌጅ ዲን
ሐይቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሚመች ወንበርና በማይቋረጥ መብራት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የኋላሸት ገብረ ኪዳን እባላለሁ። ከመናኸሪያው ጀርባ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ኮሌጅዎ ለምረቃ የሚያከራየው ጋዋን ጠርዙ ሲተረተር የምጠግነውም እኔ ነኝ። ልጄ አርሴማ ከሁለት ዓመት በፊት ከእናንተ ዘንድ በሒሳብ አያያዝ ተመርቃለች። በግል ላነጋግርዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስለዚህ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት ሳይሆን፣ ውድ ጊዜዎን እንደ መቆጠብ እንዲያዩልኝ እለምናለሁ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ክፍያው። በወር አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር፣ በዓመት አሥር ወር፣ አራት ዓመት። ሰባ ሁለት ሺህ። እስከዚህ ድረስ በራሪ ወረቀታችሁ ላይ ተጽፏል። ያልተጻፈው የመመዝገቢያ፣ የመታወቂያ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የምረቃ መጽሔትና የጋዋን ኪራይ ሲደመር ሌላ ዘጠኝ ሺህ ሆነ። በገዛ ክሬ የጠገንኩትን ጋዋን ለገዛ ልጄ በአንድ ሺህ አምስት መቶ ብር መከራየት ለብዙ አባት የማይደርስ ዕድል በመሆኑ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪. ስለ ምረቃው። ወደ ግሸን የሚያልፉ ተጓዦች ሁሉ እንዲያዩት መናኸሪያው መግቢያ ላይ «የምረቃ ምጣኔ ዘጠና ስድስት በመቶ» የሚል ባነር ሰቅላችኋል። ከአርሴማ ጋር የገቡት መቶ አርባ ነበሩ። አራተኛ ዓመት የደረሱት ሃምሳ ስምንት። ጋዋን የለበሱት ሃምሳ ስድስት፤ ይህን አውቃለሁ፣ ጨርቁ በእጄ አልፏል። ሃምሳ ስድስቱን ለሃምሳ ስምንት አካፍላችሁ ዘጠና ስድስት አገኛችሁ። ስሌቱ ልክ ነው። በመንገድ የቀሩትን ሰማንያ ሁለት ልጆች ከቁጥር በማውጣት፣ ወደቁ ከመባል አድናችኋቸዋል። የመውጫ ፈተናው ውጤት ከምረቃው በኋላ በመምጣቱም በዓሉ አልተረበሸም። ያለፉት አሥራ አንድ ናቸው። አርሴማ አንዷ ናት። ይህን የምጽፈው ለመኩራት አይደለም።

ለመኩራት ነው።

፫. ስለ ሥራው። እዚህ ላይ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አንስቻለሁ።

አምና ከሬጅስትራር ጽሕፈት ቤታችሁ ወ/ሪት መስታወት የምትባል ጨዋ ልጅ «የተመራቂዎች የሥራ ሁኔታ መከታተያ» የሚል ቅጽ ይዛ ሱቄ መጣች። አርሴማ ከጎኔ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክል ነበር። ከተመረቀች ጀምሮ እዚያው ናት። ወ/ሪት መስታወት፣ ልጅቷ እኔ ዘንድ የምትሠራ ከሆነ ቀጣሪዋ እኔ መሆኔን በትሕትና አስረዳችኝ፤ እኔም እንደዚያ አስቤው እንደማላውቅ ነገርኳት። ከዚያ ደመወዝ የሚለው መስመር ላይ ደረስን። ምንም አልከፍላትም። ማን ለልጁ ደመወዝ ይከፍላል። ብዕሩ ግን ቆመ። የአርሴማም መርፌ የቆመ መሰለኝ። ወ/ሪት መስታወት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ባዶውን አይተዉት፤ እሷስ ምን ይሰማታል?» አለችኝ።

ይሉኝታ ያዘኝ። ስድስት ሺህ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ለምን ስድስት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። አምስት ያንሳታል፣ ሰባት ውሸት ይመስላል ብዬ ይሆናል።

፬. ስለ አማካዩ። ዘንድሮ በራሪ ወረቀታችሁ ወጣ። ሥራ ያገኙ ተመራቂዎች፣ መቶ በመቶ። አማካይ የወር ገቢ፣ ስድስት ሺህ ብር። ከሥሩ አርሴማ ጋዋን ለብሳ ትስቃለች፤ «በግል ድርጅት የሒሳብ ባለሙያ» ይላል። ድርጅቱ እኔ ነኝ። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ።

ወ/ሪት መስታወትን ጠየቅኋት፤ አልደበቀችኝም። ቅጹ ተሞልቶ የተመለሰው ለሦስት ተመራቂዎች ብቻ ነው። አንደኛዋ በራሳችሁ ኮሌጅ በር ላይ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ አምስት ሺህ። ሁለተኛው የአጎቱ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነው፤ ሰባት ሺህ። ሦስተኛው የእኔ ነው። አርሴማ በካርቶን ጀርባ ላይ አሰላችው። የእኔን ውሸት ከመሃል ብታወጡት የቀሩት የሁለቱ አማካይ ያው ስድስት ሺህ ነው። ንቅንቅ አይልም።

ኃጢአቴ እንኳ አላስፈለጋችሁም።

፭. ስለ ወ/ሮ ዙሌይካ። ቁጥሬ ባያስፈልጋችሁም ፎቶው ግን ሥራውን ሠርቷል። ጎረቤቴ ወ/ሮ ዙሌይካ ሐይቁ ዳር ሽንኩርት የምታለማበት ማሳ አላት፤ ባሏ ካረፈ ወዲህ ቤቱ የሚተዳደረው በዚያ ነው። ልጇን ሪታጅን እናንተ ዘንድ ለማስመዝገብ ማሳውን ለአራት ዓመት ልታከራየው ተስማምታለች። ውሉ የሚፈረመው ዓርብ፣ ምዝገባችሁ በሚዘጋበት ቀን ነው። ማክሰኞ ዕለት በራሪ ወረቀታችሁን ይዛ መጣችና የአርሴማን ፎቶ በጣቷ እየነካች፣ «ወላሂ ሌላ ሰው አልጠይቅም። እርስዎ እውነት ነው ካሉኝ ይበቃኛል» አለችኝ። እኔም ትምህርት መልካም ነገር እንደሆነ ነገርኳት። ይህ መልስ አይደለም። እሷ ግን እንደ መልስ ተቀብላው፣ መርቃኝ ሄደች።

ከበሩ ስትርቅ አርሴማ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አባዬ፣ ስድስት ሺዬን መቼ ነው የምትሰጠኝ?» አለች።

ክቡር ሆይ፣ እየቀለደች ነበር። አይመስለኝም።

ስለዚህ በሚገባው አክብሮት ፊርማዬን ከቅጹ ላይ አንስቻለሁ። ልጄ ደመወዝ አይከፈላትም፤ ፎቶዋም ይነሣ። ይህንኑ ትናንት ለወ/ሮ ዙሌይካ በገዛ አፌ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ለምን እንደፈረምኩ ብቻ ጠየቀችኝ። ለዚህ የሚሆን ባዶ መስመር ቅጻችሁ ላይ አልነበረም፤ እኔም ጋ አልነበረም።

የምለምነው ጥቂት ነው። በባነሩ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይጻፉ፤ ስንት እንደገቡ፣ ስንት ፈተናውን እንዳለፉ፣ ስንቶቹ በተማሩት ሙያ ደመወዝ እንደሚበሉ። ሦስተኛውን እኔ አላገኘሁትም፤ እናንተ ታውቁት ይሆናል። ጨርቁ ካጠረ እቀጥልላችኋለሁ፤ በነጻ።

ስብሰባዎ ሁሉ እንዲሳካ፣ ባነርዎንም ዝናብ እንዳያለቅቀው እየተመኘሁ፣ በፊትዎ ለመቆም ያልታደልኩት፣

የኋላሸት ገብረ ኪዳን
ልብስ ሰፊ፤ የአንዲት የሒሳብ ባለሙያ የቀድሞ ቀጣሪ
ሐይቅ፣ ሐሙስ ጠዋት

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ ለእናቷ ስናገር ሪታጅ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ከመቶ አርባ ያለፉት አሥራ አንድ ናቸው ስል አልደነገጠችም። «እንግዲያው አሥራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ» አለች። እናቷ ልጅቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፤ የዓርቡን ቀጠሮ ግን እስካሁን አላፈረሰችም። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ዓርብ ነገ ነው። እውነተኛውን ቁጥር ዛሬ ከሰቀላችሁ አንዲት ተማሪ ልታጡ ትችላላችሁ፤ ካልሰቀላችሁ አንድ የሽንኩርት ማሳ ታገኛላችሁ። የትኛውን እንደምትመርጡ በመገመት ክብርዎን አልነካም።