ያላስነጠስከው ጉንፋን

ውድ የረድዋ አባት፣

እነሆ መጥረጊያዋ ዘንድሮም እስክንድርያ ገብታለች። በየኅዳሩ ሰማዩን ጠርጋ የምትሄደው ይህች ወጀብ ጀልባዎቹን ሁሉ ወደብ ውስጥ ሰብስባቸዋለች። ያንተን ጀልባ ወንድምህ በሸራ ሸፍኗታል። እኔ ግን አሁንም ተቆጥቼሃለሁ። ሙት ይቆጡታል ወይ ትለኛለህ፤ እኔ እቆጣለሁ።

አምና በዚሁ ወጀብ፣ ጠዋት መረብህን እየጠገንክ ስትቀልድብኝ ነበር። ቀትር ሳይሆን መረቡ ከእጅህ ወደቀ። ገላህ እንደ እሳት ነደደ፤ አጥንቴን ቆረጠመኝ አልክ።

"የመጥረጊያዋ ጉንፋን ነዋ! ሰፈሩን ሁሉ ይዞት የለ?"

"ሰፈሩማ ያስነጥሳል። ያንተ አፍንጫ ደረቅ ነው። ሳያስነጥሱ ደግሞ ምን ዓይነት ጉንፋን ነው?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ከባሕር ጋር የሚታገልን ሰው ከንፍጥ ጋር ልታጣዪው ነው?"

ሳቄ መጣ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ብለምንህም አሻፈረኝ አልክ። እንደ ሰፈሩ ልማድ መድኃኒት ቤት ገብተህ ብዙ መድኃኒት ባንድ ላይ የሚቀላቀልባትን ያችን የጉንፋን መርፌ ተወጋህ። ትኩሳቱ ለአንድ ምሽት በረደ። "አየሽ?" ብለህ ጉንጬን ቆነጠጥከኝና ወጀቡ ጋብ ሲል ባሕር ወጣህ። ጓደኞችህ ተሸክመው ሲመልሱህ ትንፋሽህ ያፏጭ ነበር።

ሐኪም ቤት ስናደርስህ ዶክተሯ "ሕመሙ ቀስ እያለ ነው የጀመረው ወይስ በአንድ ጊዜ?" አለችኝ።

"በአንድ ጊዜ ነው። አንዴም አላስነጠሰም።"

አንገቷን ደፋች። "ይሄ ጉንፋን አይደለም፤ ኢንፍሉዌንዛ ነው። ሳንባው ውስጥ ገብቷል።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አንተ ከራስህም ደበቅከው።

ሰሞኑን ረድዋ ጉሮሮዬን ከረከረኝ ስትል ኮቷን አለበስኳት። በዝናብ እየጎተትኩ እዚያችው ዶክተር ዘንድ ወሰድኳት።

"ትኩሳት የላትም፣ ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ አፍንጫዋ እንደ ቧንቧ ይፈሳል። ጉንፋን ነው እኮ፣ የረድዋ እናት!" ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ግን እዚያው ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ልጅህ ንፍጧን በእጅጌዋ እየጠረገች "እማ፣ ጉንፋን ከሆነ ለምን ታለቅሻለሽ?" አለችኝ። አፍንጫዋን ጠረግኩላት።

ይህን ስጽፍልህ አጠገቤ ተቀምጣ ታስነጥሳለች። እኔም ይማርሽ እላታለሁ። ባስነጠሰች ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ባስነጠሰች ቁጥርም ሆዴ ይባባል። ምናለ የኔ ጌታ፣ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ብታስነጥስልኝ ኖሮ።

ቁጣዋ ያልበረደላት፣ ናፍቆቷም የባሰባት
ሚስትህ ነዕማት