ከማንኪራ የተመለሰው ውሻ

ሰኞ፣ ኅዳር 4

ይህ ውሻ የእኔ ውሻ ቡኖ አይመስለኝም።

ጋሽ ወልዴ ጠዋት ከማንኪራ ገጠር ቦንጋ ድረስ ይዘውት መጡ። አራት ወር እሳቸው ዘንድ ነበር። የከተማ ግቢ ለአደን ውሻ አይሆንም፣ ሜዳና ጫካ ሳያሸት ካደገ በር ጠባቂ ሆኖ ይቀራል ብዬ እኔው ነኝ የላክሁት። አድጓል። ጸጉሩ ያብለጨልጫል፣ የጎድን አጥንቱ አይቆጠርም። በእንክብካቤው ምንም አልልም።

ጋሽ ወልዴን ሸኝቼ እንደገባሁ ለማሠልጠኛ ያስቀመጥሁትን የቆቅ ክንፍ አወጣሁ። በገመድ ቀርከሃ ላይ አስሬ ከአጥሩ ሥር ሣር ውስጥ ደበቅሁት። ቡኖ የስድስት ወር ቡችላ ሳለ ይህ ክንፍ ሲሸተው አንድ እግሩን አንስቶ፣ ጅራቱን አቅንቶ፣ እንደ ግንድ ቀጥ ይል ነበር። ላብራዶር ሥራው የወደቀ ወፍ አንስቶ ማምጣት ነው። ወፏ የተደበቀችበትን ቆሞ የሚያሳይ ላብራዶር ግን ከስንት አንዱ ነው። እናቱ ዳማ ታሳያለች። እሱም ያሳይ ነበር።

ዛሬ ሸተተውና ጮኸ። ሁለት ጊዜ ጮኾ ዞረ፣ መጥቶ እግሬ ሥር ተቀመጠ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብሎ አየኝ። ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው።

ዶክተር ሰለሞን ቅዳሜ ከጅማ ይመጣል። የእንስሳት ሐኪም ነው፣ የቡኖ አባት የእሱ ውሻ ነው። አሁን ከአዲስ አበባ የምታሳይ ሴት ላብራዶር አግኝቷል። ቡኖ ዶክተሩ ዓይኑ እያየ ከቆመ ከእሷ ጋር እናዳቅላቸዋለን። ካልቆመ ሌላ ወንድ ይፈልጋል። ጾሙ ሳይገባ አንድ ቀን እናድን ብሎ ቀኑን የመረጠውም እሱ ነው።

ዳማ ከእንግዲህ አትወልድም። ባለፈው ስትወልድ ታማ ማኅፀኗ ወጥቷል። ከአምስት ልጆቿ ሁለቱ በተቅማጥ ሞቱ። አንዱ ዶክተሩ ዘንድ ነው፣ ወፍ ሲያይ ሜዳውን ሁሉ ያባርራል እንጂ አይቆምም። አንዷን አንድ መምህር ወሰዳት፣ ጠረጴዛ ሥር ተኝታ ዳቦ ትበላለች። የቀረው ቡኖ ነው። እሱ ካልቆመ የዳማ ዘር እዚህ ላይ አበቃ።

ማር ስረከብ እያንዳንዱ ጀሪካን ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ውሻው ላይ ምንም አላደረግሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

በተረጋጋ ልብ ላስብ ብዬ የማውቀውን ጻፍኩ።

ቀለሙ፦ የተቆላ ቡና። ስሙንም ቡኖ ያልነው ለዚያ ነው። ግን ወንድሙም ይህ ቀለም አለው።

ደረቱ ላይ የነበረችው ነጭ ጸጉር፦ የለችም። ሲያድጉ ትጠፋለች ይላሉ። ማን ነው የሚለው? ውሻ የሚሸጥ።

ስሙ፦ ሲጠሩት ይመጣል። አራት ወር ያበላኸውን ውሻ በፈለግኸው ስም ብትጠራው ይመጣል።

ዳማ፦ አሸተተችው፣ አጉረመረመችበት፣ ቀጥላ ጆሮውን ላሰችው። የምስክርነት ቃሏ ለሁለቱም ወገን ይሆናል።

እንቁላል፦ አፉ ውስጥ አደረግሁለት። ግቢውን ዞሮ ሳይሰብር መለሰልኝ። ይህ የዳማ አፍ ነው። ለእኛ ደግሞ ትልቁ ነገር እሱ ነው፤ የተመታችው ወፍ ነፍሷ ሳይወጣ ካልደረሰችልን ባርከን አንበላትም። አፉ የማይጨክን ውሻ በሕይወት ያመጣታል። ጎረቤቴ በላይነሽ ግን «ውሻ አፍ የገባችውን ጳጳስ ቢባርካትም አልቀምስም» ትላለች።

ስለዚህ የዳማ ልጅ ነው። ግን የትኛው?

ከሰዓት በኋላ ከማንኪራ ኮረሪማ የምታመጣልኝ ወይዘሮ መጣች። ውሻውን በር ላይ ስታየው ደነገጠች።

«ይሄን ባለ መኪናው ሰውዬ አልወሰደውም እንዴ?» አለችኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

ከሦስት ሳምንት በፊት ነጭ መኪና ጋሽ ወልዴ ደጅ ቆማ ነበር። መነጽር ያደረገ ረጅም ሰው ወርዶ ውሻውን እንደሚገዛ በቅሎ አፉን ከፍቶ አየ። ከዚያ በኋላ ያለውን እሷ አላየችም፣ ቡና ለቀማ ላይ ነበረች።

መነጽር። ረጅም። ነጭ መኪና። ዶክተር ሰለሞን ማለት ነው። ጋሽ ወልዴ ስለዚህ አንዲት ቃል አልነገሩኝም።

ለዶክተሩ ደወልኩ። ስለ ቅዳሜ አወራን። መሐል ላይ እንደ ዋዛ «ማንኪራን ያውቋታል?» አልኩት።

«ስሟን ሰምቻለሁ፣ እትዬ፤ የዱር ቡና ያለባት አይደለችም?» አለ።

ስሟን ሰምቷል! እሱ ዘንድ የማይቆም ውሻ አለ። እኔ ዘንድ የሚቆም ነበረ። ሁለቱም አንድ ቀለም፣ አንድ ዕድሜ። መኪና አለ፣ የሚያየው ሰው የለም። ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም። ወንድምየው ያባርራል እንጂ ጮኾ አይመለስም። ለማንም ሳልናገር እንደዚሁ ልያዘው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ቁስቋም ስለሆነ ሱቅ አልከፈትኩም። ጋሽ ወልዴም ዛሬ ቡና አይለቅሙም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ውሻውን ይዤ፣ እስከሚያደርሰኝ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ ማንኪራ ሄድኩ። እንደምመጣ አልነገርኳቸውም። የተነገረው ሰው ቤቱን ያሰናዳል።

ገና ሳልቀመጥ ስለ ባለ መኪናው ጠየቅኋቸው። አልካዱም።

«ሐኪም ነኝ አለ። ጤናውን አያለሁ አለ። ለእትዬ አትንገር፣ ትደነግጣለች አለ።»

«ውሻውን መኪናው ውስጥ አስገብቶታል?»

«የለም፣ እትዬ! አፉን አየ፣ ሄደ።»

«እርስዎስ ለምን ደበቁኝ?»

«ሐኪም አትናገር ካለ ይነገራል?»

ፊታቸውን አየሁ። ሠላሳ ዓመት ስነግድ የውሸት ፊት ስንት ዓይነት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ይህ አንዱም አልነበረም። ይሁን እንጂ ማርም ከላይ ሲያዩት ጥሩ ነው። እስቲ ሁልጊዜ እንደሚወስዱት ይውሰዱትና ልይ አልኳቸው። እኔ ከኋላ ሆንኩ።

በቡናው መሐል አልፈን በቆሎ የታጨደበት ማሳ ዳር ደረስን። ውሻው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዞረ። እርምጃው አጠረ። ከዚያ ቆመ። የፊት ቀኝ እግሩ ተነሣ፣ ጅራቱ ቀና፣ ትንፋሹ እንኳ የጠፋ መሰለ። ቡኖ ነው! የዳማ ልጅ፣ የእኔው ቡኖ! እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

በዚያች ቅጽበት ጋሽ ወልዴ ተወርውረው አንገቱን አቀፉት፤ እየጎተቱ ወደ ኋላ አዞሩትና በሹክሹክታ፣ «ተመለሺ፣ እትዬ! ነብር!» አሉኝ።

ከፊታችን አሥር እርምጃ እንኳ ከማይርቅ ሣር ውስጥ ቆቅ ብር ብላ ወጣች።

«ቆቅ ናት እኮ፣ ጋሼ!»

«እሷንም ነብሩ ነው ያስደነገጣት» አሉ፣ ላብ እያጠመቃቸው።

ቁጭ ብለን ተነጋገርን። በእሳቸው አገር የአደን ውሻ የዱር አሳማ ሲሸተው ይጮኻል፣ ሰው በጦር ይደርሳል። እየሄደ ድንገት ዝም ብሎ የሚደርቅ ውሻ ነብር የሸተተው ነው። አባታቸው ሁለት ውሾች እንዲህ ቆመው ሳሉ በነብር ተበልተውባቸዋል። ስለዚህ ቡኖ በቆመ ቁጥር ይጎትቱታል። ሲጮኽ ደግሞ ጎበዝ ብለው ቆጮ ያጎርሱታል። አራት ወር ሙሉ።

«ውሻሽ ፈሪ ነው፣ በየቀኑ ነብር ይሸተዋል፤ እንዳታፍሪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ» አሉኝ። ሲደነግጡ አንቱታውም ጠፍቷቸዋል።

እኔ ስልከው ምን አልኳቸው? አብሉት፣ አታስሩት፣ ጫካ ውሰዱት። ቆሞ ወፍ እንደሚያሳይ አልነገርኳቸውም። ውድ ነገር መሆኑ ከተወራ ይሰርቁብኛል ብዬ ሆን ብዬ ነው የደበቅሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ጋሽ ወልዴ በጠዋት ቦንጋ ወረዱ። ከከተማው በታች ያለው ግጦሽ ዳር ዳማን ከፊት፣ ቡኖን ከኋላ አድርገን ሄድን። እናቱ ስትቆም ልጁ አይቶ እንዲቆም ነው ሐሳቤ። ከነፋስ በታች መሄድ፣ ድምፅ አለማሰማት፣ ሲቆም አለመንካት፤ ይህን ሁሉ አሁን በግልጽ ነገርኳቸው።

የመጀመሪያው፦ ዳማ ቆመች። ቡኖ ጮኸ። ቆቋ ሄደች። ዳማ ዞራ ልጇን ያየችበት አስተያየት የሰው ነው።

ሁለተኛው፦ ቡኖ ቆመ፣ ግን የጋሽ ወልዴ እጅ ቀድሞ ተነሣ። «ልቤ እሺ ብሏል፣ እጄ ነው» አሉ። ግማሽ ማዳበሪያ ኮረሪማ በሁለት እጃቸው አሳቀፍኳቸው።

ሦስተኛው፦ ቆመ። አንድ ትንፋሽ ያህል። ዞሮ ጋሽ ወልዴን አየ፣ እንደማይመጡ ሲያውቅ ግራ ገባውና ተቀመጠ።

አንድ ትንፋሽ ከምንም ይሻላል። የዶክተሩ ውሸት ግን እንዳለ ነው። ውሻውን ካልለወጠው ምን ሊያደርግ መጣ?

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ዛሬ እስከ ስድስት ቆጠርኩ፣ ቡኖ አልተነቃነቀም። ሁለት ጊዜ። ቀጥሎ ጮኸ። ቆጮውን ከጮኸ በኋላ ሳይሆን ቆሞ ሳለ ነው የምንሰጠው፤ ሲያጎርሱት ጋሽ ወልዴ በግራ እጃቸው ቀኛቸውን ይይዙታል።

ዶክተሩ ደወለ። «ግቢ ውስጥ ሌላ ቡናማ ውሻ አለ?» ሲል ጠየቀኝ። ለምን እንደጠየቀ አልተናገረም። የለም አልኩት። «እርግጠኛ ነዎት?» አለ። ነጋዴ ሲጠረጠር ያውቃል። ግን በምን?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

በማለዳ ደረሰ። በነጭ መኪና። ጠመንጃውንና የአደን ፈቃዱን ይዟል። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ጎንበስ ብሎ የቡኖን አፍ ከፈተ፣ ምላሱን አነሣና ከሥሩ አየ።

«ማንኪራም እንዲሁ አይተውታል አሉ» አልኩት።

ጆሮው ድረስ ቀላ። ቡችሎቹን ሲከትብ በቡኖ ምላስ ሥር ጥቁር ነጥብ አይቶ ጽፎ ይዞ ነበር፤ ነጥቡ ዛሬም አለ። የሚቆመውን ሸሽጌ ሌላ መሳይ ውሻ እንዳላቀርብለት ፈርቶ አስቀድሞ ሊያረጋግጥ ሄደ።

«ይቅርታ፣ እትዬ። ነጋዴ ነዎት ብዬ እኮ ነው።»

«እኔም ለውጠውብኛል ብዬ ነበር፤ ሐኪም ነዎት ብዬ።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ወልዴ ናቸው።

ማንኪራ አጠገብ፣ ያ የበቆሎ ማሳ ላይ ወጣን። ዳማን ቤት ተውኳት፤ ዶክተሩ ቡኖን ብቻውን ማየት ይፈልጋል። የመጀመሪያዋን ቆቅ ሳያሸታት አለፋት። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። ይህ ከስድብ ይከፋል።

ከዚያ ቡኖ ጫካው ጥግ ሲደርስ እርምጃው አጠረ። ቆመ። እግሩ ተነሣ። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጭንቅላታቸው ላይ ተጭነው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቡኖ በዓይኑ ጥግ ፈለጋቸው፣ መጎተቱን ጠበቀ። አልመጣም። አፍንጫውን ወደ ሣሩ መለሰ። ዶክተሩ በከንፈሩ ይቆጥራል። እኔ መቁጠር አልቻልኩም።

«ሃያ» አለና ራሱ ወደ ሣሩ ገባ። ቆቋ ተነሣች፣ ተኮሰ፣ ክንፏን ተመትታ ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቀች። ቡኖ ገብቶ በሕይወት አመጣት፣ እጄ ላይ አስቀመጣት። ዶክተሩ ወደ ምሥራቅ አዙሮ ባርኮ አረዳት።

«ቆሟል» አለ። «ግን ሰው እያየ ፈቃድ ይጠይቃል።»

«ይተዋል።»

«ምናልባት። ሴቷን ከገና በኋላ አመጣለሁ። እዚሁ ይዳቀሉ፣ በሁለታችንም ፊት።»

በሁለታችንም ፊት ያለውን ወደድኩት። ከሚተማመን ሰው ይልቅ ከሚጠራጠር ሰው ጋር መዋዋል ይቀላል።

ዶክተሩ ወደ መኪናው ሲሄድ ጋሽ ወልዴ ወደ ኋላ ቀሩ። ባርኔጣቸው አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

«እትዬ፣ እሺ፣ ሲቆም አልነካውም። ቆቅ ናት እላለሁ።» ጫካውን አዩ። «አንድ ቀን እውነት ነብር ቢሆንስ? በምን አውቃለሁ?»

አሰብኩ። ዶክተሩን ልጠይቀው ብዬ ነበር፣ እሱም እንደማያውቅ አውቃለሁና ተውኩት።

«ሰኞ አብረን እንሄዳለን፣ ከፊት እኔ እሆናለሁ» አልኳቸው።

«ከፊትስ እኔ ልሁን። አንቺ ከኋላ ሆነሽ ጩኺ» አሉ።