ሾተላይ ያልነበረባቸው የወይዘሮ መሊካ ረጀብ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ መሊካ ከአባታቸው ከአቶ ረጀብ በሽርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘሃራ ዓብዱ፣ ቦርከና ሲሞላ ውሃው ደጃፍ ድረስ በሚመጣበት በጨፋ ሸለቆ በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ቁርአን መቅራትን በመንደራቸው ተማሩ። ፊደል የቆጠሩት ግን ዘግይተው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ በዓመቱም የጎረቤት ሴቶችን ያስተምሩ ነበር።

በ1963 ዓ.ም. የሰንበቴ ገበያ ከብት ነጋዴ ከሆኑት ከአቶ አብዱልጀሊል ሙሐመድ ጋር ኒካህ አስረው ከሚሴ ገቡ። ትዳራቸው የፍቅር ነበር፤ ጽንስ ግን አልጸናላቸውም። ሆዳቸው ገፍቶ ደስ ሲላቸው የልጁ እንቅስቃሴ ይቀንስና ዝም ይላል። አራት ወር ያለፋቸውን ስም እያወጡ፣ እየከፈኑ አስቀበሩ፤ ረቢአን፣ ሶፍያን፣ ሙሐመድን። «ልጅ የላትም» ሲባሉ፣ «አሉኝ፤ ቀድመውኝ ሄዱ እንጂ» ይሉ ነበር።

አገሩ፣ ልጅ የሚጨርስና ወደ ሌላ እናት የሚጋባ ሾተላይ አለባቸው አለ። አራስ እንዳይጠይቁ ተከለከሉ። አንድ ቀን ቦኖ ውሃ ላይ «መሊካ መጣች፣ ልጆቻችሁን ሸሽጉ!» ሲባል ሰምተው፣ «ቅቤያችሁን ሸሽጉ እናንተዬ፣ እኔን የሚያምረኝ እሱ ነው» ብለው ሁሉን አሳቁ። ቤት ሲገቡ ግን እንስራውን ከጀርባቸው ሳያወርዱ አለቀሱ።

እንግዴ ልጅ እንደ ወጉ ወዲያው ስለሚቀበር ሐኪም አይቶት አያውቅም ነበር። በ1975 ዓ.ም. ደሴ ሐኪም ቤት ሌላ ልጅ ሞቶ ሲወለድ፣ አማታቸው ወይዘሮ ኡምኩልሱም እንግዴ ልጁን ለመቅበር ቢጠይቁ ሐኪሙ አገላብጠው አሳዩአቸው።

«እናቴ፣ ይዩት። ትንሽ ነው፤ ገርጥቷል። የደም ሥሩ እንደሚገባው አልተዘረጋም። ልጁ የሚመገበው በዚህ ነው፤ ርቦት ሞተ። ከሌላ ሰው የመጣ አይደለም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይሄድም።»

ለምን እንደሚሆን ሐኪሙም አላወቁም፤ የሚሰጡት መድኃኒትም አልነበራቸውም። ወይዘሮ ኡምኩልሱም ይህን በየደጁ ተናገሩ። የሰማቸው አልነበረም።

አምና መጨረሻ ላይ እንደገና አረገዙ። ስምንተኛው ወር እንደገባ የልጁ እንቅስቃሴ ቀነሰ። ደሴ ለመድረስ መንገድ ዳር ቢቀመጡም፣ መኪናው ሁሉ የሰፈራ ሰዎችን ለማመላለስ ተይዞ ያልፋቸው ነበር። ምጡ እዚያው ያዛቸው። ትናንት ጥር 14 ቀን 1977 ዓ.ም. በከሚሴ ተገላገሉ፤ ደማቸው ግን አልቆም አለ። ሕፃኗ ስታለቅስ ሰምተው፣ «ይቺ ትጮኻለች» አሉ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣቸውም።

ባለቤታቸውንና እናታቸውን በሐዘን ትተው፣ በሕይወት ያለች አንዲት ሴት ልጅ አስረክበውናል። ስም አልወጣላትም። የላም ወተት አልተቀበለችም፤ እስካሁን የቀመሰችው በጥጥ የተጨመቀላት የስኳር ውሃ ብቻ ነው። ድምጿ ከጠዋት ይልቅ አሁን ደክሟል። በዚህ ለቅሶ የምታጠቡ እናቶች እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ልጆቻችሁን ሸፍናችሁ ከዳሱ ጥግ መቀመጣችሁንም አይተናል። ሾተላይ አይደለም። በአላህ ይዘናችኋል፣ አይደለም። ሕፃኗ ከወይዘሮ ኡምኩልሱም እቅፍ ናት።

አላህ የወይዘሮ መሊካን ቀብር ያስፋላቸው፤ ከቀደሟቸው ልጆቻቸው ጋር በጀነት ያገናኛቸው። አሁን ከተቀመጠችበት ለምትነሣው እናት ደግሞ ልጇን ያሳድግላት። አሚን።