«ተቀመጪ» ያልኳት ልጅ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ ለመምህር ገብረወልድ፤ ደጀን።

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ይህን ክረምት እንዴት ያዘዎት? እማዬን ወገቧ ተሻላት? ዝናቡ እንዴት ነው፣ ጤፉስ ተዘራ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ መስማት ስለሚያስቸግርዎት፣ ደግሞም የምነግርዎት ነገር እየጮሁ የሚነገር ስላልሆነ መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው።

አሁን ያለሁት ወልቂጤ ነው። እንደሚያውቁት በጋውን ቡታጅራ አምስተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ክረምት ክረምት ደግሞ እዚህ መጥቼ ለማስተርሴ ሥርዓተ ትምህርትና ማስተማር እማራለሁ። ዘንድሮ ሦስተኛውና የመጨረሻው ክረምቴ ነው። ሰፍያ የምትባል ከአረቅጥ ከተማ የመጣች አስተማሪ አብራኝ ታድር ነበር፤ ልጇ ታሞባት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አራት አልጋ ባለው ክፍል ብቻዬን ነኝ። ፍልሰታንም ብቻዬን ጾሜ ብቻዬን ፈታሁ። ስሜን የሚጠራኝ ሰው ሳላገኝ የሚመሽበት ቀን አለ።

የመመረቂያ ጥናቴ በቤታቸው አማርኛ የማይናገሩ ልጆች ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደሚሳተፉ የሚመረምር ነው። ለዚህም ሳስተምር የራሴን ክፍል ስድስት ጊዜ በስልኬ ቀድቼ ነበር። ሰሞኑን ያንን እያዳመጥኩ ወደ ወረቀት ስገለብጥ የአንዲት ልጅ ድምፅ ሰማሁ። ሳሌሃ ትባላለች፤ በቤቷ የምታወራው ጉራግኛ ነው። ወንዝ በክረምት ለምን እንደሚደፈርስ ጠይቄ እጇን አወጣች። መናገር ጀመረች፤ አማርኛው ጠፋትና በጉራግኛ ልትሞላው ስትል ልጆቹ ሳቁ። እኔም «ተቀመጪ፤ ስታውቂው ትነሻለሽ» አልኳት።

አባባ፣ ይህ ንግግር የእርስዎ ነው። አራተኛ ክፍል ሲያስተምሩን ለእኔም ለሌላውም ይሉት የነበረው ነው። ድምፄ ሳይቀር የእርስዎን መሰለኝ። በቀሩት ቅጂዎች የሳሌሃ ድምፅ የለም። ከሚያዝያ ጀምሮም ትምህርት ቤት አልመጣችም። እኔ ግን ስም ስጠራ «ቀሪ» ብዬ ከማለፍ በቀር፣ ይህች ልጅ የት ገባች አላልኩም።

አማካሪዬን ዶክተር ከማሉን ያን ቅጂ ከጥናቱ ላውጣው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ውሳኔው የአንቺ ነው አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቡታጅራ ሄጄ ሳሌሃን ገበያ ውስጥ ከእናቷ ጋር ዛላ በርበሬ ስትቀነጥስ አገኘኋት። እናቷ፣ ማንም ሳያስቀራት ራሷ እንቢ ብላ እንደቀረች ነገረችኝ። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ፣ ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳት። ቀና ሳትል ብዙ ቀነጠሰች። ከዚያ «ቲቸር፣ ብሳሳትስ ይጠብቁኛል?» አለችኝ።

«እጠብቅሻለሁ» አልኳት። ወደ በርበሬዋ ተመለሰች።

ትናንት እናቷ ደወለች። ሳሌሃ ተመዝግባለች። ነገር ግን አምስተኛን የምትደግመው ሌላ አስተማሪ ጋ ከሆነ ብቻ ነው ብላለች። ለርእሰ መምህሩ ደውዬ የጠየቀችውን እንዲያደርጉላት ለመንኩ። ደስ አለኝ፤ ስልኩን ስዘጋ ግን አለቀስኩ። የሚያባብለኝ ቀርቶ ምን ሆንሽ የሚለኝ ሰው አልነበረም። ቅጂውን አላወጣሁትም፤ ስሟን ቀይሬ እንዳለ ጻፍኩት።

ይህን የጻፍኩልዎት ልወቅስዎት አይደለም። ለፊደልም ለእንጀራም የበቃሁት በእርስዎ ነው። ነገር ግን ባስተማሩበት ሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ «ተቀመጥ» ብለው አስቀምጠውት እስካሁን ትዝ የሚልዎት ልጅ ካለ ይጻፉልኝ። እዚህ ስለዚህ ነገር የማወራው ሰው የለኝም።

እማዬን «ጉልበትሽን ስሜያለሁ ብላለች» በሉልኝ። ወንድሜን ሀብተወልድን፣ ሚስቱን አደይን፣ ጎረቤታችንን እማማ እየሩስን አንድ በአንድ ሰላም በሉልኝ። የወንድሜን ልጅ ትንሹን ነብዩን ጉንጩን ሳሙልኝ፤ ዘንድሮ ማንበብ ይጀምራልና ሲሳሳት ቶሎ አትንገሩት፤ እስኪጨርስ ስሙት።

ልጅዎ ሰገነት ገብረወልድ
ወልቂጤ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.