መሪው በቀኝ፣ ፍሬኑ በግራ፤ ለፒካፕ ኮሚቴያችን

ለተከበሩ ወንድም ጌድዮን፣
የቤተ ክርስቲያናችን የፒካፕ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ

ግልባጭ፦ ለምእመናን በሙሉ፣ ይህ ደብዳቤ በተለጠፈበት የግሮሰሪው መስታወት ፊት ቆመው ለሚያነቡም ጭምር

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ኮሚቴዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ በሁለት ዓመት ከሦስት ወር ውስጥ ሠላሳ አንድ ስብሰባ የተቀመጠ ወገብ እንዴት እንደሚሰነብት ስለሚያሳስበኝ ነው። እኔ ከገዛ ወገቤና ከኮሚቴዎ በስተቀር የሚያመኝ ነገር የለም፣ ጌታ ይመስገን።

የምጽፍልዎ ከቫን ናይስ ዘሪሁን ነኝ፣ ፒካፑን የሰጠሁት ሰውዬ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ዕቃ ሳመላልስ ኖሬ ወገቤ እምቢ ሲለኝ፣ ስድስት ዓመት ከአንድ ወር የሆነውን ፒካፔን ታናሽ እህቴ የምሥራች ለምትሠራበት ክሊኒክ ይሁን ብዬ ማስረከቤን ያስታውሳሉ። የምሥራች በኬንያው ሞያሌ ገጠር አዋላጅ ነርስ ናት። እዚያ ምጥ የጠናባት ሴት ሆስፒታል የምትደርሰው በሞተር ሳይክል ነው፤ ሹፌሩ ከፊት፣ ደግፋ የምትይዛት ሴት ከኋላ፣ እሷ መሀል። መኪናው የተፈለገው ለዚህ ነበር፤ በስብሰባ ብዛት ተረስቶ እንደሆነ ብዬ ነው ማንሳቴ።

ባለፈው እሁድ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ወደ ቀኝ የዞረው የፒካፑ መሪ ወደ ግራ እንዲመለስ የእራት ገቢ ማሰባሰቢያ መዘጋጀቱን ሲያበስሩን፣ ምስጋናዬን ከዚህ በላይ ማቆየት ነውር መስሎ ታየኝ። እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። የምሥራች ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ ኬንያ ውስጥ መኪና የሚሄደው በግራ በኩል፣ መሪውም በቀኝ እንደሆነ፣ ያገለገለ ቀኝ መሪ ፒካፕ ናይሮቢ ላይ በአሥራ ሁለት ሺህ ዶላር እንደሚገኝ፣ ስለዚህ ፒካፑን እዚሁ ሸጠን ገንዘቡን እንድንልክላት ጽፋ ነበር። ደብዳቤዋን በኮሚቴው ፊት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ግን ገንዘብ ይበላል፣ መኪና ግን ይታያል ብሎ ወሰነ። ያሉት ደረሰ፤ ገንዘቡ ለመሪ ቅየራ ተበላ፣ መኪናው ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ቆሞ ታየ። ሦስት ሜትር የሚሆነው ባነር ላይም የዘጠኙ የኮሚቴ አባላት ስም በትልቁ ተጻፈ፤ የክሊኒኩ ስም ቦታ ስላልበቃው ቀረ።

2ኛ. ስለ ወንድማማችነት። ይህን ሥራ የሚያውቅ ጋራዥ አሥራ አንድ ሺህ ዶላር ይፈጃል ብሎ ኢስቲሜት ሲሰጠን፣ የራሳችን ሰው እያለ ለምን ለባዕድ ተብሎ ለወንድም ሲሞን በአራት ሺህ ተሰጠ። ሲሞን ምስጉን ሰው ነው፤ በፍሬንና በሞተር ዘይት ካልቨር ሲቲ ውስጥ የሚደርስበት የለም። መሪ ከግራ ወደ ቀኝ አዙሮ እንደማያውቅ ራሱ ቆሞ ተናግሯል፣ እንዲያውም ተዉኝ ብሎ ለምኗል። ኮሚቴው ትሕትና ነው ብሎ አለፈው። ምስኪኑ ሰው በስልኩ ቪዲዮ እያየ ተማረ። ዳሽቦርዱ ከታይላንድ ሲመጣ አራት ሺው ሰባት ሆነ፤ ዳሽቦርዱ የሌላ ሞዴል ሆኖ ሲመለስ ዘጠኝ፤ የዝናብ መጥረጊያው፣ የፊት መብራቱ፣ የመሪው ጥርስ እያለ ሄዶ አሥራ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ላይ ቆመ። ከናይሮቢው ፒካፕ ዋጋ ጋር ማነጻጸሩን ለእርስዎ እተዋለሁ፣ ሂሳብ ይችላሉ ብለውኛል።

3ኛ. ስለ ምረቃው። በዚያ ቀን መሪው ወደ ቀኝ ዞሮ ፍሬኑ ግን ገና በግራ ነበር። የጥሪ ካርዱ ታትሟልና ቀኑ አይተላለፍም ተባለ። እርስዎ በቀኝ ተቀምጠው መሪ ይዘው፣ ሲሞን በግራ ተቀምጦ ፍሬን ላይ እግሩን አድርጎ፣ በመዘምራን ታጅባችሁ ግማሽ ብሎክ ድራይቭ አደረጋችሁ። እርስዎ ሲያዞሩ እሱ አልያዘም፣ እሱ ሲይዝ እርስዎ አላዞሩም፣ የቆሻሻ በርሜል ገጭታችሁ ቆማችሁ። ኮሚቴያችን እንዴት እንደሚሠራ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

4ኛ. ይህኛውን በማመስገን ልጀምረው አልቻልኩም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኬንያ ስምንት ዓመት ያለፈው መኪና እንደማታስገባ የምሥራች ሁለት ጊዜ ጽፋለች። ሁለቱም ጊዜ የተመለሰላት መልስ እየጸለይንበት ነው የሚል ነበር። ጸሎቱን አልነካም፤ መኪናው ግን እየተጸለየለት አረጀ። ሲሞን ፍሬኑንም አዙሮ፣ ልፋቱ ይቆጠርለትና በትክክል ሠርቶ ሲጨርስ፣ ፒካፑ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ሆኖት ነበር፤ መሪው ወደ ግራ ይመለስ የተባለውም ከእንግዲህ ኬንያ መግባት ስለማይችል ነው። በዚህ መሀል አንዲት እናት ሞተር ሳይክሉ ላይ እንዳለች ልጇን አጥታለች። ስሟን የምሥራች ነግራኛለች፣ እዚህ ግን አልጽፈውም፤ ባነሩ ላይ ለሷ ቦታ አልነበረም። ተናድጃለሁ ወንድም ጌድዮን፣ በጣም ተናድጃለሁ።

5ኛ. ስለ ቲኬቶቹ። ለሠርግና ለጉባኤ ቦታ እንዲለቅ እየተባለ ፒካፑ መንገድ ዳር ፓርክ በተደረገ ቁጥር ቅጣቱ እየመጣ ያለው እኔ ቤት ነው። ሰባት ቲኬት ከፍያለሁ። ለዚህ መኪና ሪባን ተቆርጦለታል፣ ኬክ ተቆርሶለታል፣ ወደ መኪና መዝጋቢው ዲኤምቪ ወስዶ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ያዞረው ሰው ግን የለም። ሁለት ጊዜ ባስታውስዎ በወንድማማች መካከል ወረቀት ምን ይሠራል አሉኝ። ስለዚህ ፒንክ ስሊፑ፣ የባለቤትነት ወረቀቱ፣ እስካሁን በስሜ ሆኖ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጦ ኖረ። ስለዚህኛው ግን ከልቤ ነው የማመሰግንዎ።

ምክንያቱም ላንካስተር አካባቢ በገዛ መኪናቸው ፖስታ የሚያድሉ ሰዎች አሉ። የደብዳቤ ሳጥኑ ከመንገዱ ቀኝ ዳር ስለሚቆም፣ ሳይወርዱ በመስኮት እጃቸውን ዘርግተው ለመክተት ቀኝ መሪ መኪና አጥብቀው ይፈልጋሉ። አንዲት የፖስታ ሠራተኛ መጥታ ፒካፑን ሁለት ዙር ነዳችው፣ ሲሞንን አመሰገነችው፣ አሥራ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ከፈለችኝ። ገንዘቡን በዚያው ቀን ለየምሥራች ላክሁ። ናይሮቢ ሄዳ ቀኝ መሪ ፒካፕ ገዛች፣ የተረፈው ለነዳጅ ሆነ። ባለፈው ዓርብ የመጀመሪያዋን ሴት ሆስፒታል አድርሷል፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው።

ሽያጩ ከተፈጸመ ዛሬ ሦስት ሳምንቱ ነው። እርስዎ መሪውን እናስመልስ ብለው መድረክ ላይ ሲቆሙ፣ ፒካፑ ከጓሮው ከወጣ ሦስተኛ እሁዱ ነበር። መኪና ይታያል ያሉኝ ግን እርስዎ ነበሩ።

ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜና አጭር ስብሰባ እየተመኘሁ፣ በደጅዎ ቆሜ ባርኔጣዬን አውልቄ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ዘሪሁን
የሰባት ቲኬቶች ባለቤት

ማስታወሻ፦ ባነሩን እንዳይጥሉት እለምናለሁ። የምሥራች የማዋለጃ ክፍሉ መጋረጃ እንደሌለው ነግራኛለች፣ ሦስት ሜትር ልክ ይበቃዋል ብላለች። ስማችሁ ያለበት ገጽ ወደ ግድግዳው ይዞራል።