ግጭት የለብኝም

ኅዳር 3
የጠዋት ፈረቃ። መስመሩ ሰላም ነበር። አንድ ሽማግሌ "ሴት ናት እንዴ የምትነዳው?" ብለው ሊወርዱ ሲሉ አውቶቡሱን አስነሳሁት። ደርሰው ሲወርዱ መረቁኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት። ድካሙ ሌላ ነው... ግን አልቀረሁም። አሥረኛ ክፍል ያልጨረሰ ሾፌር ከሐምሌ ጀምሮ መሪ አይጨብጥም፣ አውቶቡስ ያጥባል ተብሏል። እኔ? ባልዲ ይዤ? ሞቼ ነው ቆሜ!

ኅዳር 5
የአማርኛ ፈተና ተመለሰ። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት የተጣሉበት ታሪክ ነበር። "በታሪኩ ውስጥ ያለውን ግጭት ግለጹ" ይላል። "ግጭት የለም፤ መኪናም አልተጠቀሰም" ብዬ ጽፌ ነበር።

መምህሩ ስም ሳይጠራ አነበበው። በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እጄን አወጣሁ።

"የኔ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድቻለሁ፣ አንድም ግጭት የለብኝም። ቃሉን ከሁላችሁም በላይ አውቀዋለሁ።"

ፊቴ ግን እሳት ሆኖ ነበር። አፈርኩ፣ ምን ይደበቃል?

ኅዳር 6
ልጄን ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየላጠች፦

"እማ፣ አንዱ የሚፈልገውን ሌላው ሲከለክለው ግጭት ይባላል።"

"መኪና ባይኖርም?"

"ባይኖርም። ሰው ከሰው፣ ሰው ከራሱ..."

ይኸው ነው? ታዲያ እኔ በየቀኑ ስጋጭ ነው የምውለው! ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

ኅዳር 14
የስምሪት ኃላፊው የከሰዓት ፈረቃ ላይ መደበኝ። ዓመቱን ሙሉ። ትምህርቱ እኮ በዚያው ሰዓት ነው! ያውቃል... የምዝገባ ወረቀቴን የፈረመው ራሱ ነው።

"አንቺ ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜሽ ደብተር ይዘሽ ስትሮጪ አታፍሪም?"

አላፍርም አልኩት። ወጥቼ ግን ባዶው አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። በንዴት ነው።

ኅዳር 17
አንዷ ሾፌር ለዛሬ ፈረቃ ቀየረችኝና ክፍል ገባሁ። ትምህርቱ ስለ ሴራ። እኔ ሴራ ማለት ተንኮል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ በታሪክም አለ።

"ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት ሲተሳሰሩ ነው" አለ መምህሩ። "ይሄ ስለሆነ ያ ሆነ።"

እስክሪብቶዬ ቆመ። የስምሪቱ ሰውዬ ታየኝ። የሱማ በሁለቱም ፍቺ ሴራ ነው!

ኅዳር 18
ለሥራ አስኪያጇ ማመልከቻ ጻፍኩ። ልመና የለበትም፣ ልቅሶ የለበትም። ስለተመዘገብኩ ፈረቃዬ ተቀየረ። ፈረቃዬ ስለተቀየረ ከክፍል እቀራለሁ። ከክፍል ስለምቀር እወድቃለሁ። ስለምወድቅ መሪዬን ትወስዳላችሁ። አራት መስመር። አስገባሁት።

ኅዳር 21
ተጠራሁ። ሥራ አስኪያጇ ማመልከቻዬን ይዛለች፣ የስምሪት ኃላፊው አጠገቧ ተቀምጧል።

"ማን ጻፈልሽ?" አለኝ ቀድሟት። "ልጅሽ ናት አይደል?"

ወረቀት ስጡኝ አልኩ። እዚያው ቆሜ አራቱንም መስመር ደግሜ ጻፍኩ። አምስተኛም ጨመርኩ፦ የስምሪት ኃላፊው "ማን ጻፈልሽ?" አለኝ። በትእምርተ ጥቅስ ነው ታዲያ!

ሥራ አስኪያጇ ጮክ ብላ አነበበችው። እሱ ወለሉን ያያል።

"ከነገ ጀምሮ ጠዋት ይግቡ" አለችኝ።

ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። ብወድቅ እንኳ ራሴ እወድቃለሁ እንጂ እሱ አይጥለኝም።