ከሩቅ የማይከፈት መጽሐፍ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ሀብተ ሚካኤል፣ ጀርመን።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ ለቀቀህ? የሺወርቅ ከወለደች ወዲህ ሰውነቷ ጠናላት? ሕፃኑስ እንቅልፍ ይሰጣችኋል? እኛ ከአባታችን ዓይን በቀር ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያን የላክኸውን የማንበቢያ መሣሪያ ከመጀመሪያውም አላመንሁትም። ፊደሉን አተለቀላቸውና አባታችን የገዛህላቸውን የዳዊት ትርጓሜ ያለ ሰው እርዳታ ሲያነቡ ግን ደስታቸው እኔንም አዘናጋኝ። በጾሙ መግቢያ ሌላ መጽሐፍ ላወርድላቸው ብዬ ኢንተርኔት ቤት ወስጄ አገናኘሁት። ቤት ተመልሼ ስንከፍተው መጽሐፉ የለም።

የዚያን ዕለት ጎረቤታችን ደብሪቱ ዳዊት እንዴት በመስታወት ውስጥ ይገባል እያለች ስታገላብጠው አይቻት ነበርና ለአባታችን ነገርኋቸው። እሳቸውም እንደ ቅስናቸው፣ መጽሐፉን ያጠፋ ሰው መጥቶ እስኪናገር ከቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ገዘቱ። ደብሪቱ ሑዳዴን ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ስታስቀድስ ሳይ፣ ይኸው ራሷን አጋለጠች አልሁ። ለካ ምስኪኗ ምናልባት ጣቴ ይሆናል ያጠፋው ብላ ፈርታ ኖሯል።

በመጨረሻ ኮምፒውተር ጠጋኙ ፀጋው ከፍቶ አየው። ሻጩ ድርጅት መጽሐፉን መሸጥ ትቶ ከገዛነውም ላይ፣ ኢንተርኔት ባገናኘሁት ዕለት፣ ከሩቅ ሆኖ ወስዶታል። አባታችን ይህን እንደሰሙ በትራቸውን ይዘው ደብሪቱ ቤት ሄዱ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ አንቺም ይቅር በይኝ» አሏት። እሷ አለቀሰች። ትንሣኤን ከውስጥ አስቀደሰች።

አሁን ፀጋው ሌላ ዓይነት መሣሪያ አለ ይላል። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ አሠራሩ ለሁሉም የተገለጠ፣ ባለቤቱ እንደፈለገ የሚያዝበት፤ መጽሐፉን ራሳችን ከኮምፒውተር በገመድ እንጭናለን፣ ከሩቅ የሚገባበት የለም። እኔ እሱንም ጠረጠርሁት፤ ቁልፉን ሁሉ ለገዢ የሚያስረክብ ነጋዴ የት ይገኛል? እንግዲህ አንተ እዚያ የሚያውቅ ሰው ፈልገህ ውስጡን አስመርምርና እውነት ከሆነ ላክልን። የአባታችን አንዱ ዓይን ጨርሶ ፈዝዟል፤ አትዘግይ።

ግዝቱ ታዲያ በማን ላይ ቀረ ብዬ ጠየቅኋቸው። ባሕር ማዶ ያለ የማላውቀው ሰው በቃሌ ታስሮ ልሙት እንዴ ብለው ለእሱም ፈቱለት። እኔ ግን አልፈታሁለትም።

አባታችን ከነቡራኬያቸው፣ እናታችንም ከነናፍቆቷ ሰላም ይሉሃል። የሺወርቅንና ሕፃኑን ሳምልኝ። ደብሪቱም ሰላም በይልኝ ብላለች፤ አዲሱ ሲመጣ ግን ያለበት ክፍል እንኳ አልገባም ትላለች።

እህትህ ዘቢደር
ደባርቅ፣ ሚያዝያ ፳፬ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም.